ሦስተኛዋ ሽማግሌ

ባለፈው ወር አንዲት ጓደኛዬ ልጇን ከልምምድ ልትወስድ ስትሄድ አብሬያት አንድ የስፖርት አዳራሽ ገባሁ። በሩን እንዳለፍን የተወለወለ የእንጨት ወለል፣ የጎማና የላብ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬን ሞላው። ባለሁበት ቆምኩ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

«ምንም። እንዲህ የሚሸት ቦታ አንድ ጊዜ ሽማግሌ ሆኜ መጥቼ ነበር» አልኳት።

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን አልቀለድኩም። ዐሥር ዓመቴ ነበር። ለሽምግልና ተልኬ፣ እንደ ደንቡ ቆሜ፣ እንደ ደንቡም ፍርድ ሰጥቼ ተመልሻለሁ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡሩ ጣቢያ ብዙም በማይርቅ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። አባቴ ጀማል፣ ሶዶ በሚባለው የከተማዋ የመጋዘን ሰፈር፣ ዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት፣ ይነዳል። እናቴ ዘሃራ፣ ዴ ሞይን በምትባል ጎረቤት ከተማ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ሽማግሌና አሮጊት ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች። እህቴ ሀያት ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ቁመቷ ግን አባቴን አልፎ ሄዷል። እኔ ኑሪያ ደግሞ ወሬ ወዳድ ነበርኩ። አሁንም ነኝ፤ አሁን ግን ሰው በትህትና «ጠያቂ ናት» ይለኛል። እናቴ ያን ጊዜ የምትለኝ «አንቺ ጆሮ ብቻ» ነበር።

ሀያት መረብ ኳስ ትጫወታለች። ይህ ራሱ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር ነበር። ኢትዮጵያዊ መሆኗን የሰማ ፈረንጅ ሁሉ፣ የስፖርት አስተማሪዋ ሳይቀር፣ «ታዲያ ለምን አትሮጪም?» ይላታል። ሀያት አውቶቡስ ሊያመልጣት ሲል እንኳ አትሮጥም። ኳሱን ግን አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተኝታ በጣቶቿ ጫፍ ወደ ጣሪያው ስትገፋው፣ ስትቀበለው፣ እንደገና ስትገፋው ሰዓቱ ይነጉዳል። አንዳንዴ ኳሱ ጣሪያውን ይነካል፤ ያኔ ከላይ ያለችው ጎረቤታችን ወለሏን በመጥረጊያ እንጨት ትደበድባለች። ጨዋታው ላይም ሥራዋ ይኸው ነበር። ኳሱን ከፍ አድርጋ ለሌላ ልጅ ታመቻቻለች፤ ዘልላ የምትመታውና የሚጨበጨብላት ያቺ ሌላዋ ናት።

«አንቺስ መቼ ነው የምትመቺው?» እላት ነበር።

«አልመታም። እኔ ሴተር ነኝ» ትለኛለች።

እንዲህ ዓይነት ሥራ ሰው ወዶ እንዴት እንደሚመርጥ አይገባኝም ነበር።

እናቴ የሲያትልን ማርችና ኤፕሪል «በልግ» ትላቸዋለች፤ ዝናቡ የወሎን በልግ ይመስላታል። ኢሜሉ የመጣው በዚያ በልግ ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን ያለ አንድ ኮሌጅ ነው የላከው። በጋ ላይ ለአራት ቀን የመረብ ኳስ ካምፕ አዘጋጅቷል፤ ልጆቹ እዚያው ግቢው ውስጥ ያድራሉ፤ የኮሌጁ ኮች ራሷ ታያቸዋለች፤ «ውድ ሀያት፣ እንድትገኚ ጋብዘንሻል» ይላል። የቤታችንን ደብዳቤና ኢሜል ሁሉ ለእናቴ የማነበው እኔ ስለነበርኩ ይህንንም እኔው አነበብኩላት።

«ስሟን ጠርተው ነው?» አለች።

«አዎ። ‹ውድ ሀያት› ይላል።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ እናቴን የሚይዛት ጠፋ። በሥራ ቦታዋም፣ በመስጊድም፣ በሐጂ ይመር ሱቅም «ልጄን ኮሌጅ ጠራት» ስትል ያልሰማ ሰው አልቀረም። እኔ ኢሜሉ መጨረሻ ላይ ያለውን ዋጋ ስነግራት ብቻ በጣቶቿ አንድ ነገር ቆጠረች። ዋጋው ስንት እንደነበር ዛሬ አላስታውስም፤ የማስታውሰው የመለሰችልኝን ነው።

«ደህና፤ ከዚያኛው ጋር እኩል ነው» አለች። ከየትኛው ጋር እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

አባቴ ግን ነገሩ ከጅምሩ አልተዋጠለትም። «የጠራ ሰው ያስከፍላል እንዴ? እኛ የምናውቀው የጠራ ሲያበላ ነው» ይላል።

«ይሄ አሜሪካ ነው» ትላለች እናቴ።

«አሜሪካም ይሁን ሌላ፣ ጠርጥር፤ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር።»

ወላጆቼ ሲከራከሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ክርክራቸውን የሚያካሂዱት ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የታጠበ አንሶላ ሲያጥፉ ነው። እሷ አንዱን ጫፍ፣ እሱ ሌላውን ይይዛሉ፤ ያራግፉታል፤ ከዚያ ጫፉን ሊያገናኙ ይቀራረባሉ። እኔ ካልሲ የማጣምር መስዬ እግራቸው ሥር ቁጭ እላለሁ። አንሶላው ሙቀቱ ገና አልወጣም፤ የሳሙናው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።

«ኮቿ ካየቻት ትወስዳታለች። ከወሰደቻት ትምህርቷን በነፃ ተማረች ማለት ነው» ትላለች እናቴ እየቀረበች።

«ካልወሰደቻትስ?»

«ካልወሰደቻት አራት ቀን ተጫውታ፣ ኮሌጅ ምን እንደሚመስል አይታ ትመለሳለች። ምን ትጎዳለች?»

«እሷን ማን አለ?» አለ አባቴ። አንሶላውን እንደያዘ ቆመና እናቴን አያት። «እሷን ማን አለ፣ ዘሃራ?»

እናቴ አንሶላውን ከእጁ ነጥቃ ብቻዋን አጠፈችው። ጠማማ ሆነ።

ሀያት ስትጠየቅ ትከሻዋን ነቅንቃ «አይ ዶንት ኬር»፣ ግድ የለኝም፣ ትላለች። ግን እየዋሸች ነበር። የኮሌጁን አዳራሽ ፎቶ የስልኳ ስክሪን ላይ አድርጋው አይቻለሁ፤ እኔን ስታይ ስልኩን ገለበጠችው።

እንዲህ ሲንከባለል ቆይቶ አንድ ቅዳሜ አባቴ የትራስ ልብስ እያጠፈ፣ «ሽማግሌ እልካለሁ» አለ።

«ወዴት?»

«ወደ ኮቿ ነዋ።»

እናቴ የልብሱ ቅርጫት ላይ ቁጭ ብላ እስክታነባ ሳቀች። «የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ሲልክ የት አገር ታይቷል?»

«እኔ ብሄድ እንዳትሄድ ብዬ እሰማለሁ፤ አንቺ ብትሄጂ እንድትሄድ ብለሽ ትሰሚያለሽ» አለ አባቴ ሳይስቅ። «ሽማግሌ ግን የሰማውን ይሰማል። ጥሪው የእውነት ከሆነ፣ ይሁን፤ ትሂድ። ካልሆነ ደግሞ ነገሩን እንተወው።»

እዚህ ላይ ነገሩ ተምታታብኝ። ሽማግሌ የሚባለውን የማውቀው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። በፊተኛው ዓመት ከእኛ ጋር ትኖር ለነበረችው ለአክስቴ ፋጡማ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። ትልልቅ ጥቁር ጫማዎቻቸው በራችን ላይ ተደረደሩ፤ ሰዎቹ አንቀመጥም ብለው ሳሎናችን መሃል ቆሙ፤ ብዙም ሳይቆይ አክስቴ ሁሌ ከሚስቅ ሰው ጋር ሚኒሶታ ሄደች። ለእኔ የቀረልኝ ትራሷ ነው። እና አሁን የሀያት ተራ ደረሰ አልኩ። «እዚያው ያድራሉ» የሚለውም ተገለጠልኝ። በራሴ ሐሳብ ኮቹን ፊሽካ ያንጠለጠለ ራሰ በራ ሰውዬ አድርጌ ሣልኩት፤ ኢሜሉን ሳነብ «ራሷ» ማለቴን ረስቼዋለሁ። ክፍያውም ጥሎሽ መሆን አለበት፤ ግን ለምን ከፋዮቹ እኛ እንደሆንን ግራ ገባኝ።

ሀያትን ብቻዋን ጠብቄ፣ «ትወጂዋለሽ?» አልኳት።

«ማንን?»

«ኮቹን።»

በኳሱ ግንባሬን አለችኝ። መልስ አልነበረም፤ ስለዚህ መፍራቴን ቀጠልኩ።

ሀያት እያፈረች ለኮሌጁ ጻፈችና ኮቿ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኑ ብላ መለሰች። የተላኩት ሽማግሌዎች ሦስት ነበሩ። ሐጂ ይመር ሰፈራችን ውስጥ ቴምርና ቅመም የሚሸጡ፣ ነጭ ቆብ የማይለያቸው የወሎ ሰው ናቸው። ጋሽ መርሻ ታክሲ ነጂና የአባቴ የረጅም ጊዜ ጓደኛ ነው፤ ሁዳዴ ስለነበር ኪሱ ቆሎ አይለየውም። ሦስተኛው አየር ማረፊያ የሚሠሩት አቶ ኸሊል ነበሩ። እኔ ደግሞ ለማስተርጎም ተመድቤያለሁ። ሀያት ለምን ራሷ እንደማታስተረጉም ብጠይቅ፣ ሐጂ «ጉዳዩ የሷ ነው። ሙሽራ በራሷ ሽምግልና ላይ አትገኝም» አሉኝ። ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «ሙሽራ» የሚለውን ብቻ ነው።

ልንወጣ ስንል አቶ ኸሊል ደወሉ። ድምፃቸው ከስልኩ ይሰማል። «ሺፍቴን ቼንጅ አደረጉብኝ። ሱፐርቫይዘሩን ኮል አድርጌ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። አፉ በሉኝ።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ሽማግሌ ሁለት አይሆንም። ሁለት ሰው ቢለያይ ማን ይዳኛል?» አሉና ዞር ዞር ብለው ክፍሉን ቃኙ። ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። «ይቺ ሦስተኛ ትሁን።»

«ሐጂ፣ ምን ነካዎት! የዐሥር ዓመት ልጅ እኮ ናት!» አለ ጋሽ መርሻ።

«እሷ በዐሥር ዓመቷ የጠየቀችውን አንተ በስልሳ ዓመትህ አልጠየቅክም።» ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ኑሪያ፣ ሽማግሌ አይቸኩልም። በሰማው ላይ አይጨምርም፣ ከሰማውም አይቀንስም። ትችያለሽ?»

እችላለሁ አልኩ። ሀያት በሩ ላይ ተደግፋ ፊቷን በሁለት እጆቿ ሸፍናለች። «ፕሊስ» አለች በጣቶቿ መሃል፣ «ዊርድ አትሁኑ፤ አታሳፍሩኝ።»

የጋሽ መርሻ መኪና ውስጥ የቫኒላ ሽቶና የገብስ ቆሎ ይሸታል። ዝናቡ መስታወቱ ላይ ይንጠባጠባል። ሶዶ ስንደርስ የአባቴን መጋዘን ፈልጌ አጣሁት፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ከዚያ በላይ መቆየት አልቻልኩም።

«ሐጂ» አልኩ፣ «ሀያትን ልንድራት ነው?»

ጋሽ መርሻ ከሳቁ ብዛት የምንወጣበትን መታጠፊያ ሊያልፈው ነበር። ሐጂ ግን አልሳቁም። ወደ ኋላ ዞረው፣ ለትልቅ ሰው እንደሚያወሩ አድርገው ነገሩን ከሥሩ ነገሩኝ።

«አንድም የሚድራት የለም። ነገሩ እንዲህ ነው። እናትሽ ትምህርት ልትጀምር ነበር። ነርስ ለመሆን መጀመሪያ የሚወሰድ ኮርስ አለ። ለሱ የሚሆን ብር በስንት መከራ ይዛለች። አሁን ያንን ብር ለካምፑ ልትሰጥ ነው። ለሁለቱ አይበቃም። አባትሽ ደግሞ ‹ዘሃራ የምትሰጠው ለእውነተኛ ጥሪ መሆኑን አይታችሁ ንገሩኝ› ብሎ ላከን። ሀያት ይህን አታውቅም። ገባሽ?»

«ከዚያኛው ጋር እኩል ነው» ያለችው ያኔ ገባኝ። እናቴ በአውቶቡስ ስትሄድ መዝገበ ቃላት እያገላበጠች የምታነበው፣ አጥንትና ጡንቻ የተሣለበት ወፍራም መጽሐፍም ገባኝ፤ እኔ መጦሪያው ውስጥ ያሉትን አረጋውያን በሽታ ለማወቅ የምታነበው ነበር የመሰለኝ። ከእኛ መብላትና ከእኛ ማደግ ሌላ እናቴ የምትፈልገው ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ደነገጥኩ። ትንሽም ቅር አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር።

የኮሌጁ አዳራሽ ውስጥ ስንገባ ያ ሽታ ተቀበለን። ጫማዎች ወለሉ ላይ ይጮሃሉ፤ ኳስ እንደ በር ማንኳኳት ያስተጋባል። ራሰ በራውን ሰውዬ በዓይኔ ፈለግሁ። ወደ እኛ የመጣችው ግን ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ረጅም ሴት ናት። ለሐጂ እጇን ዘረጋች። ሐጂ የሴት እጅ ስለማይጨብጡ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አጎነበሱ። እሷም ምንም ሳትል እጇን መልሳ ደረቷ ላይ አደረገችና አጎነበሰች። በዚያች ቅጽበት ወደድኳት።

ቢሮዋ ጠባብ ነበር። ወንበር ስባ «ተቀመጡ» አለች።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም በያት» አሉ ሐጂ።

አልኳት። ኮቿ ወንበሮቹን አየች፣ እኛን አየች፤ ከዚያ እሷም ከራሷ ወንበር ተነሣች። አራታችን ጠረጴዛ ከበን፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ቆምን። ሐጂ አልቸኮሉም። «እንዴት ከረሙ? ቤተሰብዎ ደህና ነው? ተጫዋቾችዎ ጤና ናቸው?» እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁ፤ እኔም አንድ በአንድ አስተረጎምኩ። ኮቿ አንዷ ልጅ ቁርጭምጭሚቷ መዞሩን ነገረችን። «አላህ ያሽራት» አሉ ሐጂ፤ ጋሽ መርሻም «ምሕረቱን ያምጣላት» አለ። ይህንንም አስተረጎምኩ። ኮቿ እንዲህ ተጠይቃ አታውቅ እንደሆን እንጃ፣ «አመሰግናለሁ፤ እነግራታለሁ» አለች ቀስ ብላ።

ከዚያ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛ ዘንድ ‹ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት› ይባላል። ልጃችን ጥሪ ደርሷታል። የመጣነው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። በእርግጥ ጠርተዋታል? ወይስ ሳትጠራ ነው አቤት የምትለው?»

ተረቱን ማስተርጎም አላበኝ። በመጨረሻ «እህቴን የምር ጠርተሻታል ወይ ነው የሚሉት» አልኳት።

ኮቿ ሄዳ በሩን ዘጋች። «ያንን ኢሜል ለብዙ ልጆች ነው የምንልከው» አለች። «ስማቸውን የሚያስገባው ኮምፒውተሩ ነው። እህትሽ ስትጫወት አይቻት አላውቅም።»

አስተረጎምኩ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ግን እናቴ በመስጊድ «ልጄን ኮሌጅ ጠራት» ስትል ትዝ አለችኝ።

«ታዲያ ለምን ያስከፍላሉ?» አለ ጋሽ መርሻ።

«ረዳቶቼ የሚከፈላቸው ትንሽ ነው፤ የካምፑ ገቢ ለእነሱ ይሆናል። ልጆቹም ይማሩበታል፤ ያ ውሸት አይደለም። ካምፕ ላይ አይቼ የወሰድኳቸው ልጆችም አሉ። ግን ጥቂት ናቸው። በጣም ጥቂት።»

«እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይሏል ይሄ ነው» አለ ጋሽ መርሻ በሹክሹክታ።

ሐጂ የመጨረሻውን ጥያቄ ከማምጣታቸው በፊት እኔን አዩኝ፤ እንድበረታ ነው መሰለኝ። «የእርስዎ ልጅ ብትሆንስ? ገንዘቡ ደግሞ እናቷ ልትማርበት ያስቀመጠችው ቢሆን?»

ይህን ስነግራት ኮቿ ቀጥታ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «ያንቺ እናት ናት?»

ራሴን ነቀነቅሁ። እሷም መነጽሯን ከአንገቷ አውልቃ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሐጂ ይህን አይተው «አሁን ተሰምተናል» አሉና ተቀመጡ፤ እኛም ተቀመጥን።

«የእኔ እናት የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ውስጥ ነበር የምትሠራው» አለች። «ለእኔ ካምፕ፣ ለእኔ ጫማ፣ ለእኔ ጉዞ ከፍላለች። እኔም ይኸው ኮች ሆንኩ። እሷ ምን መሆን ትፈልግ እንደነበር ግን አላውቅም። ጠይቄያት አላውቅም። አሁን ደግሞ የለችም።» ከዚያ ወደ ጉዳያችን ተመለሰች። «ለእህትሽ፣ የጨዋታዋን ቪዲዮ ትላክልኝ። አይከፈልበትም። አየዋለሁ። ከማየት ሌላ ግን ምንም ቃል አልገባም።»

ሐጂ ካፖርታቸው ውስጥ የያዙትን አንድ ጥቅል ቴምር ሰጧት። ስንወጣ ፍሬውን የት እንደምትተፋው ግራ ገብቷት ጉንጯን አሳብጣ ነበር የተሰናበተችን።

ቤት ስንደርስ ሁሉም ሳሎን ተቀምጠው ይጠብቁናል። የሽማግሌ መልስ ሲሰማ ሀያትም እንድትኖር ሐጂ አዘዙ። ከዚያ የሆነውን በቅደም ተከተል ተናገሩ፤ አክብራ እንደተቀበለችን፣ ኢሜሉ ለብዙ ሰው የሚላክ መሆኑን፣ ቪዲዮ ላኩ ማለቷን። የእናቴ ፊት ቀስ በቀስ ወረደ፤ ግን እጅ አልሰጠችም።

«ለብዙ ልጅ ተላከ ማለት ብዙ ልጅ ይሄዳል ማለት ነው። ታዲያ ልጄ ከብዙ ልጅ ተለይታ ለምን ትቀራለች?»

«እኔም ትሂድ ባይ ነኝ» አለ ጋሽ መርሻ። አባቴ ቀና አለ። «አዎ፤ ከሐጂ ተለይቻለሁ። ከሚመረጡት ጥቂቶች አንዷ አለመሆኗን ማን ያውቃል? ዐሥራ ስድስት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። እናት መቼም ትማራለች።»

«መቼም ትማራለች እየተባለ ስንቷ ሳትማር ቀረች!» አሉ ሐጂ።

«የምን ትምህርት?» አለች ሀያት።

አባቴ ምንጣፉን ያያል፤ እናቴ ሐጂን በዓይኗ ትለምናለች። ሐጂ ግን «ሽማግሌ ፊት የሚሸሸግ ነገር የለም። ሁለታችን ተለያይተናል። ሦስተኛዋ ሽማግሌ፣ የሰማሽውን ተናገሪ» አሉ።

ቆምኩ። ካምፑና የእናቴ ኮርስ ከአንድ ብር እንደሚወጡ ተናገርኩ። ኮቿ ያለችውንም እንዳለችው ተናገርኩ። እናቷ ምግብ ቤት እንደሠራች፣ ለሁሉም እንደከፈለች፣ ምን መሆን ትፈልግ እንደነበር ጠይቃት እንደማታውቅ፣ አሁን እናቷ እንደሌለች። ሀያት ከንፈሯን ነክሳ ታዳምጣለች። ስጨርስ ወደ እናቴ ዞረች። ሁሌ በእንግሊዝኛ የምትመልሰው እህቴ ያን ቀን በአማርኛ ነው የጠየቀችው።

«እማ፣ ምን መሆን ነው የምትፈልጊው?»

«እኔ?» አለች እናቴ። ሳቀች፤ ሻሿን አስተካከለች፤ ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን። የምንተዋት መስሏት ነበር። «እኔማ... አዋላጅ። ደሴ አንቺን ስወልድ አንዲት አዋላጅ ነበረች። ሌሊቱን ሙሉ እጄን ይዛ ‹እኔ አለሁ፣ እኔ አለሁ› ስትለኝ አነጋች። እኔም ያንን ለሰው ማለት እፈልጋለሁ። እዚህ የማጥባቸው ሁሉ ሊሄዱ የተሰናዱ ናቸው። የሚመጡትን ደግሞ መቀበል አማረኝ።»

«ለእኔ ነግረሽኝ አታውቂም» አለ አባቴ።

«አልጠየቅከኝማ።»

ስንት ነገር ስጠይቅ የኖርኩት እኔም አልጠየቅኋትም ነበርና አንገቴን ደፋሁ።

«ካምፑ ይቅር» አለች ሀያት።

«ለእኔ ብለሽ እንዳትቀሪ!» እናቴ ተቆጣች። «ውለታ ዋይልኝ ያለሽ የለም። አትፈልጊም?»

«እፈልጋለሁ። አይ ዎንት ኢት ሶ ባድ» አለች ሀያት፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «በጣም እፈልጋለሁ። ግን ይቅር።» ከኢሜሉ መምጣት ወዲህ እውነቱን ስትናገር ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር፤ አሳዘነችኝ።

ሐጂ ፍርዴን እየጠበቁ መሆኑን ያወቅኩት ጋሽ መርሻ በክርኑ ሲነካኝ ነው። አንዷን ባስደስት ሌላዋ ልትከፋብኝ ነው፤ ሁለቱም የኔ ናቸው።

«እማ ትማር» አልኩ። «ሀያት ቪዲዮ ትላክ። እኔ እቀርጻታለሁ።»

«በቃ፣ ሁለት ለአንድ ተፈረደብኝ» አለ ጋሽ መርሻ፤ የተሸነፈ ግን አይመስልም ነበር።

እናቴ ልትቃወም ተነሣች። ሐጂ እጃቸውን አንሥተው አስቀመጧት። «ሽማግሌ ፈርዷል፤ ዘሃራ። የቀረው ምርቃቱ ነው።» ምርቃት የታላቅ ነው፤ ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ እኔ አመለከቱ። «የፈረደችው ትመርቅ።»

እኔ እንደ ትልልቆቹ አድርጎ መመረቅ ከየት ላምጣ? አንድም ቃል አልመጣልኝም። ትልልቅ ሰዎች ሱቅ ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ መስጊድ በር ላይ ሲያገኙኝ ራሴን ዳሰስ አድርገው የሚሉኝን ብቻ ነው የማውቀው። ስለዚህ ሄጄ እናቴ ፊት ቆምኩ፤ ተቀምጣ ስለነበር እጄ ሻሿ ላይ ደረሰ።

«እደጊ» አልኳት።

ጋሽ መርሻ ፈንድቶ ሳቀ፤ አባቴም ሳቀ፤ ሀያት እንኳ በእንባዋ መሃል ሳቀች። እናቴ ግን አልሳቀችም። ሁለቱን መዳፎቿን ከፍታ ዘረጋችና፣ ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳታነሣ፣ «አሚን» አለች።